ካፖርቱን መጀመሪያ ማን ለበሰው

ነገሩ ሁሉ የፈጀብኝ አንድ ሱቅ፣ አሥራ አንድ ወርና ግራ ጆሮዬን ነው።

ሱቁ ፒያሳ ነበር። ሳልባጅ እሸጥበት ነበር፤ ፈረንጅ ለብሶ የተወውን ካፖርትና ሱሪ። ከኋላ ያለችውን ክፍል ለአንድ ልብስ ሰፊ አከራየሁ። ልብስ ሰፊው ጴንጤ ነው፤ ሳምንቱን ይሰፋል፣ እሑድ በሩን ዘግቶ ከመሰሎቹ ጋር ይጸልያል። እኔ ቤተ ክርስቲያን የምሄደው በዓመት በዓል ብቻ ነበር፤ የእነሱም ዝማሬ ጉዳዬ አልነበረም። አንድ እሑድ የቀበሌ ታጣቂዎች እሱን ሊወስዱ መጡና አከራዩንም ጨመሩ።

ያስገቡን ከተማችን ሐይቅ ዳር፣ ቀድሞ የዓሣ መጋዘን የነበረ ቤት ነው። ግድግዳው ራሱ ዓሣ ዓሣ ይላል። መስኮት የለም፤ ብርሃን የሚገባው በቆርቆሮው ቀዳዳ ነው። አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ነበርን። ከእኛ መሐል አንድ ሽማግሌ ቄስ ነበሩ፤ ስብሰባ ላይ «አምላክ የለም በሉ» ሲባሉ ዝም በማለታቸው የታሰሩ።

«ጾሙን ሙሉ ዓሣ ሲሸተኝ ከረመ፤ ይሄም ሳይቆጠርብኝ አይቀርም» ይላሉ።

ቄሱ ከሁላችንም ጋር ይበላሉ፣ ከልብስ ሰፊው ጋር ብቻ አይበሉም። ዓርብ ሥጋ የሚበላ ሰው ሳህናቸውን አይነካም። እሱም ጥግ ይዞ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ይበላል። ሦስት ወር እንዲህ ሄደ።

ዓርብ ጠዋት ካድሬው ለንቃት ትምህርት ይመጣል። ወጣት ነው፤ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ። አንድ ዓርብ በስቴንስል የተባዛ ወረቀት ይዞ መጣ።

«ክርስትና የተሰረቀ ዕቃ ነው» አለ። «የሮማ ወታደሮች ሚትራ የሚባል ጣዖት ነበራቸው። ዋሻ ውስጥ ተሰብስበው ዳቦ ይቆርሱ ነበር፤ ቁርባናችሁ ከዚያ የመጣ ነው። ገናም የፀሐይ ልደት ነው፤ ዲሴምበር ሃያ አምስት።»

ቄሱ እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ የእኛ ገና ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ ነው። ይሄ የፈረንጅ ጣጣ ይመስለኛል። ለምን እነሱን አትጠይቅም?»

መጋዘኑ ሳቀ። ካድሬው አልሳቀም። ወረቀቱን ለእኔ ሰጠኝ።

«አንተ ነጋዴ፣ ጮክ ብለህ አንብብላቸው። ከዚያ የተረዳኸውን ትናገራለህ። የተሰረቀ ነው ካልክ ከሰዓት በኋላ ቤትህ ነህ። ሱቅህም ይከፈታል።»

አነበብኩ። ሸቀጥ ስጠራበት የኖርኩበት ድምፅ ስለሆነ አሳምሬ አነበብኩት። ቤቴ መሄድ ፈልጌ ነበር፤ ይሄን አልደብቅም። ቀና ስል ቄሱም ልብስ ሰፊውም በአንድ ዓይነት ፊት ያዩኛል። እንደዚያ ለሚያየኝ ደንበኛ ዋሽቼ አላውቅም ልል አልችልም፤ ብዙ ዋሽቻለሁ። ያን ቀን ግን ደከመኝ።

«እሺ፣ ምን ተረዳህ?»

«ጓድ፣ እኔ ሳልባጅ ነጋዴ ነኝ። ካፖርት ስሸጥ መጀመሪያ ማን ለበሰው ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። የሚጠይቁኝ ብርድ ይከላከላል ወይ ብለው ነው።»

«ይከላከላል?» አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

«ለባሾቹ ይኸው አሉልዎት። ይጠይቋቸው።»

በመዳፉ ግራ ጆሮዬን መታኝ። አንዴ ብቻ። ከዚያ በኋላ በዚያ በኩል የምሰማው ፉጨት ነበር፤ ቆይቶ እሱም ጠፋ።

ምሳ ከየቤቱ ሲገባ ለቄሱ ሽሮ፣ ለልብስ ሰፊው ሥጋ ወጥ መጣ። ቄሱ ሳህናቸውን መሐል ላይ አስቀመጡ።

«አንተ ልብስ ሰፊ፣ ና» አሉ። «ሁለታችንንም ጣዖት አምላኪ ብለውናል። እንግዲህ ለየብቻ የምንበላበት ምክንያት ጠፋኝ።»

ልብስ ሰፊው ሥጋውን ከደነና ወደ ጥግ ገፋው። እጁን ታጥቦ መጥቶ ተቀመጠ። ቄሱ መጀመሪያ ያጎረሱት እሱን ነው። ቀጥለው እኔን፤ «በግራ በኩል አታኝክ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ እስክንፈታ ሦስታችን ከአንድ ሳህን በላን። ልብስ ሰፊው ዓርብ ዓርብ ሥጋ እንዳትልክለት ለሚስቱ አስነገረ። ለምን እንደሆነ አልነገራትም።

ቄሱ አርፈዋል። ልብስ ሰፊው አሁን አዲስ ከተማ ነው፤ ዓይኑ ክር ማስገባት እምቢ ብሎታል። ወረቀቱ እውነት ይሁን ውሸት እኔ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሰሞኑን ካፌ ውስጥ አንድ ሰው ያንኑ የሚትራን ነገር ትናንት እንደተገኘ አድርጎ ሲያወራ ሰማሁት። በቀኜ ስለተቀመጠ ነው እንጂ ባልሰማሁትም ነበር። አልተከራከርኩም፤ ሻዬን ጨርሼ ወጣሁ።

ሱቁ አልተመለሰም። ጆሮውም አልዳነም። በትርፉ በኩል ግን ከአንድ ሳህን የተበላ የስምንት ወር ሽሮ አለ።