እማዬና የታችኛው አገር

ሲናገሩት የሚያሳፍር አመል አለብኝ፤ ርካሽ መጽሐፍ እወዳለሁ። ቁም ነገር አለው፣ አንብቢው፣ ሰው ያደርግሻል የሚሉኝን አይደለም። ሽፋኑ ላይ ቤት የሚያህል እንሽላሊት አፉን ከፍቶ የቆመበትን፣ ወረቀቱ ቢጫ የሆነውን፣ አዲስ አበባ አሮጌ መጽሐፍ የሚቸረችሩ ልጆች አስፋልት ዳር አንጥፈው የሚሸጡትን ነው። ከእነሱም ውስጥ አብልጬ የምወደው መሬት ውስጧ ባዶ ናት የሚለውን ነው። ሰዎች በአንድ ቀዳዳ ገብተው ይወርዱና ከእግራችን ሥር ሌላ አገር ያገኛሉ።

ጉዱ ደግሞ እኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ የጂኦግራፊ አስተማሪ መሆኔ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ መሬትን ሰሌዳ ላይ እንደ ቀይ ሽንኩርት ሰንጥቄ እየሣልኩ፣ ውስጧ የጋለ ድንጋይና ብረት ነው፣ ባዶ ቦታ የለም እላለሁ። ቅዳሜ ደግሞ ባዶ ናት የሚለውን ሳነብ እውላለሁ። ባል ቢኖረኝ ኖሮ በዚህ ብቻ ይፈታኝ ነበር።

እማዬን ከአንኮበር ያመጣኋት ልቧን ካመማት በኋላ ነው። አባቴ ቄስ ነበር፤ እሱ ከሞተ ወዲህ እዚያ ገደል አፋፍ ላይ ያለው ቤት ውስጥ ብቻዋን ትኖር ነበር። ሐኪሙ ያንን ዳገት መውጣትና ብቻዋን ማደር አይሆንም አለ። እየተነጫነጨች መጣች። ደብረ ብርሃንን አልወደደችውም፤ ብርዱን ሳይሆን ሜዳነቱን። "ይሄ አገር ዓይን የሚያቆም ነገር የለውም" ትል ነበር።

"ምንድን ነው እንዲህ የሚያስቅሽ?" አለችኝ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ከቤቱ ግድግዳ ሥር በርጩማ አውጥተን ፀሐይ ስንሞቅ።

ነገርኳት። አንድ ካፒቴንና ጺማም አጎቱ ፊኛ ላይ በታሰረ ቅርጫት ተቀምጠው መጨረሻ የሌለው ገደል ውስጥ ይወርዳሉ። ሲወርዱ፣ ሲወርዱ፣ ሌላ አገር ይደርሳሉ።

እማዬ አማተበች። "ከመሬት በታች ያለውማ ሲኦል ነው። ምን ሊሠሩ ገቡ?"

"ሲኦል አይደለም እማዬ። ዛፍ አለው፣ ባሕር አለው። መሀሉ ላይ የተንጠለጠለች ትንሽ ፀሐይ አለች። አትጠልቅም።"

"አትጠልቅም? ታዲያ ጾሙን በስንት ሰዓት ነው የሚፈቱት?"

"አይጾሙም።"

"አረመኔዎች ናቸው በይኛ!" አለችና ጋቢዋን ሰብሰብ አድርጋ ወደ እኔ ተጠጋች። "በይ ቀጥይ።"

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜና እሑድ፣ እሷ ቤተ ክርስቲያን ስማ ስትመለስ፣ ሥራችን ይኸው ሆነ። እኔ እንግሊዝኛውን እያየሁ በአማርኛ አወራላታለሁ። የዚያ የታችኛው አገር ንጉሥ ልጅ መጽሐፉ ላይ እርቃኗን ልትሆን ትንሽ ነው የቀራት፤ እኔ ለእማዬ ስል ቀሚስ አልብሼ ነጠላ ደርቤላት ነበር። እማዬ ካፒቴኑን አልወደደችውም። "ይሄ ሰውዬ ነገር ፈላጊ ነው፣ ሰው አገር ሄዶ ምን ጠመንጃ ያስተኩሰዋል?" ትላለች። የንጉሡ ልጅ አውሬ እንዲበላት ድንጋይ ላይ በታሰረች ቁጥር ደግሞ "ዛሬም ታሰረች? ይቺ ልጅ ሰው የላትም እንዴ?" ብላ ትቆጣለች። እኔ እስከ ዕንባዬ እስቃለሁ።

አንድ ቀን ግን ድንገት "ሕፃናት የሉም?" አለችኝ።

"የት?"

"እዚያ። ታች።"

ገልበጥ ገልበጥ አድርጌ አየሁት። እውነትም የለም። እንዲህ ያሉ መጻሕፍት ውስጥ አውሬ አለ፣ ጦረኛ አለ፣ ክፉ ካህን አለ፤ ሕፃን ግን የለም። "የሉም" አልኳት። በማግሥቱም ያንኑ ጠየቀችኝ። በሳምንቱም። "እስካሁን አንድ ሕፃን አላገኙም?" ትለኛለች፣ እኔ የደበቅኳት ይመስል። "ኧረ በቃ እማዬ!" ብዬ ጮኽኩባት አንዴ። ቀና ብላ አይታኝ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች፤ ፀሐዩ እስኪዞር አላነሳችውም። ፊቷን ሳየው ከእኔ ሌላ ሰው የምትሰማ መሰለኝና ፈራሁ።

መጽሐፉ አለቀ። ካፒቴኑ የንጉሡን ልጅ ይዞ ወደ ላይ ወጣ። እማዬ "እንኳን ደስ ያላት" እንኳ አላለችም።

ክረምቱ ሲቃረብ ሌላ ጣጣ መጣ፤ አንኮበር ልመለስ አለች። ምን ልትሠሪ ስላት "ቤቴን ላይ" ትላለች። ቤቱን ጎረቤት ትጠብቀዋለች፣ ደውዬ ልጠይቅልሽ ስላት "ጎረቤት የማታየው ነገር አለ" ትላለች። ዝናቡ በጣለ ቁጥር ትነሣና መስኮት ትከፍታለች። እህል አንገቷ ላይ ይቆማል። እኔም ግትር ነኝ፣ እምቢ አልኩ።

ሐምሌ መግቢያ ላይ አንድ ጧት ዳቦ ገዝቼ ስመለስ ቤቱ ባዶ ነው። ጋቢዋም የለ፣ ምርኩዟም የለ። መናኸሪያ ሮጥኩ። የአንኮበር ሚኒባስ ውስጥ፣ መስኮቱ ጋ፣ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። መኪናው ገና አልሞላም፣ ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ ተሳፋሪ ይጠራል።

"ውረጂ" አልኳት።

"አልወርድም።"

"ሐኪሙ ያለውን ረሳሽው?"

"ሐኪሙ እናት ነው?"

ሰው ሁሉ ያየናል። አፈርኩ፣ ደግሞም ተናደድኩ። "እዚያ ማን አለሽ እስቲ? ያለሁሽ ልጅ እኔ፣ ያለሁት እዚህ!" አልኩ፣ ድምፄ ከመኪናው ውጭ እስኪሰማ።

"እዚያም ልጅ አለችኝ" አለች እማዬ።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከዚያ በዝግታ፣ ከፊት ለፊቷ ያለውን ወንበር እያየች ነገረችኝ።

"ካንቺ በፊት ነው። በክረምት ወለድኳት። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሣው፤ ሰማንያው ሳይሞላ ታመመች። እኔ አራስ ነኝ፣ ቤተ ክርስቲያን ይዣት አልሄድ ነገር። አባትሽን ለመንኳቸው፤ ለታመመ ሕፃን ቀን አይጠበቅም፣ ዛሬውኑ ትጠመቅ አልኳቸው። 'ውኃው ቀዝቃዛ ነው፣ አትችለውም፣ ትንሽ ይሻላት' አሉ። ስለሚሳሱላት ነው እንጂ ለክፋት አይደለም። ነገ አሉ። ነገ አሉ። አንድ ጧት ጡት አልይዝ አለችኝ።"

ረዳቱ "አንድ ሰው ቀረ!" እያለ ይጮኻል።

"ያልተጠመቀች ናትና ፍትሐት የላት፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ አትገባ። የሰውን ልጅ ሁሉ የሚቀብሩት አባትሽ የራሳቸውን ልጅ ጓሮ፣ ወይራው ሥር ቀበሯት። ከዚያ ወዲያ እሳቸውም አላነሱ፣ እኔም አላነሣሁ። ስም እንኳ አላወጣንላትም። ቦታው ተዳፋት ነው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር አፈሩ ወደ ገደሉ ይሳባል። ድንጋይ ካልደገፍኩላት ትሄድብኛለች።"

ልጅ ሆኜ ወይራው ሥር መጫወት ክልክል ነበር። ፍየል አይታሰርበት፣ ቅርንጫፉ አይቆረጥ። ጋኔን አለበት ብዬ በዚያ በኩል ሳልፍ ዓይኔን ጨፍኜ እሮጥ ነበር። ዝናብ ባባራ ቁጥር ከጓሮ የድንጋይ መደርደር ድምፅ ይሰማል፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። አባዬ ያን ድምፅ ሲሰማ ዳዊቱን ጮኽ አድርጎ ይደግም ነበር። ለካ እኔ ያደግኩት ከእህቴ ጋር ነው፤ የምሸሸውም እሷን ነው። አባቴን እዚያው ሚኒባስ ውስጥ ተቀየምኩት፣ ወዲያው ደግሞ አሳዘነኝ።

"አንቺ ውረጂ" አልኳት። "እኔ ልሂድ።"

"ትደረድሪላታለሽ?"

"እደረድርላታለሁ።"

"በስመ አብ ብለሽ ንኪው። ደግሞ አትርገጫት።"

ባጃጅ ጠርቼ ወደ ቤት ሸኘኋትና በእሷ ቦታ ተቀምጬ ሄድኩ።

አንኮበር ስደርስ ጉሙ መንገዱን ውጦት ነበር። ከጎረቤቷ ሴትዮ ቁልፍ ልቀበል ስገባ ሴትዮዋ ዓይኔን ማየት ፈራች። ቤቱን ዞሬ ወደ ጓሮ ሄድኩ። ጓሮ የለም። ከቤቱ ግድግዳ ጥቂት እልፍ እንዳልኩ መሬቱ ተቆርጦ አልቋል፤ ቀይ አፈርና የተበጠሰ ሥር ተንጠልጥሏል፣ ከዚያ ወዲያ ነጭ ጉም ብቻ ነው። ወይራውም የለ፣ ያ ሁሉ ዘመን የተደረደረ ድንጋይም የለ።

"ሰኔ ሳያልቅ ነው የሄደው" አለች ሴትዮዋ ከኋላዬ። "ሲሄድ ድምፁ ልክ ከመሬት ሥር ሰው እንደሚጣራ ነበር፤ ሁላችንም ወጣን። እናትሽ ይህን ብትሰማ ትሞትብናለች ብለን ነው ያልደወልን።" እሷም ታውቅ ኖሯል። መንደሩ በሙሉ ያውቃል፤ የማላውቅ እኔ ብቻ ነኝ።

አፈሩ ውኃ ሲጠግብ፣ ተዳፋቱ ሲበዛ፣ መሬት ይንሸራተታል። "ምክንያቶቹን ዘርዝሩ" ብዬ ፈተና የማወጣበት ነገር ነው። እዚያ አፋፍ ላይ ግን በደረቴ ተኝቼ ቁልቁል ሳይ አንዱም ምክንያት አልመጣልኝም። ጉሙ ውስጥ የሆነ ነገር ቀና ብሎ የሚያየኝ መሰለኝ። "እህቴ" አልኩ፤ በሕይወቴ ለማንም ብዬው የማላውቀውን ቃል። በእጄ ድንጋይ ይዤ ነበር፤ የማኖርበት ቦታ አጣሁ።

ስመለስ መንገዱን ሙሉ ውሸት ሳዘጋጅ መጣሁ። ደረደርኩላት፣ ደህና ናት፣ ወይራውም ለምልሟል ልላት ነው። ገና በሩን ስከፍት "አየሻት?" አለችኝ። አልቻልኩም።

"ቦታው የለም እማዬ። ተንዷል።"

"ወይራውስ?"

"ወይራውም።"

"ወዴት ሄደ?"

"ወደ ታች።"

አልጮኸችም። ያኔ ያልተለቀሰላት ልጅ አሁን ምን ተብሎ ይለቀስላታል? ጋቢዋን ተከናንባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ከዚያ በኋላ እህል አልቀምስ አለች። ሾርባ ሠራሁ፣ አጥሚት ሠራሁ፣ ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ መድኃኒቱ በባዶ ሆድ አይዋጥም አልኩ። "ተይኝ" ብቻ ነው የምትለው። ዓይኗ እያየሁት ጎደጎደ። እናቴ ልትሞትብኝ ነው፤ የምትሞትብኝ ደግሞ እኔ ሳላውቃት የሞተች ልጅን ተከትላ ነው።

ቅዳሜ ዝናቡ ጋብ ሲል ደግፌ አወጣኋትና በርጩማው ላይ አስቀመጥኳት። ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረኝም፤ መጽሐፉን ጭኔ ላይ አደረግኩና "ካፒቴኑ ተመልሶ ወረደ" አልኩ።

ፊቷን ከእኔ መለሰች።

"ያኔ ሳያየው ያለፈ ሰፈር አለ። እዚያ አንዲት ሴት ልጅ አገኘ።"

ራሷን ቀስ ብላ አዞረች። "ስንት ዓመቷ ነው?"

"እኔን ትበልጣለች።"

መጽሐፉን አልከፈትኩትም፤ እሷም ወደ መጽሐፉ አላየችም።

"ማን አሳደጋት?"

"የአገሩ ሰዎች። ደጎች ናቸው።"

"ጸጉሯን ማን ይሠራታል?"

"ጎረቤቷ። ሹሩባ ነው የተሠራችው።"

"ጤነኛ ናት?"

"ጉንጯ ሞልቷል። ስትስቅ አባዬን ትመስላለች።"

እማዬ ዕንባዋ በአገጯ ሲወርድ አልጠረገችውም። እኔ ያኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያቺን ልጅ አውጥቼ እማዬ እጅ ላይ ማስቀመጥ። "አሁን ቅርጫቱ ውስጥ ሊያስገባት ነው" አልኩ እየቸኮልኩ። "ነይ፣ ወደ እናትሽ ላውጣሽ እያላት ነው።"

እጄን ያዘችኝ። ያ ሁሉ ቀን ያልበላ ሰው ያን ያህል ጉልበት ከየት እንዳመጣ አላውቅም።

"ተዪ! እንዳያወጣት።"

"ለምን እማዬ?"

"እዚህ ማን ቦታ ሰጣት? ከለመደችው ትቀመጥ። እኔ እመጣለሁ። እናትሽ እየመጣች ነው፣ ብዙም አትቆይም፣ ይበላት።"

እኔስ? ልላት ነበር። ቀናሁ፣ እውነቴን ነው፤ በዚህ ዕድሜዬ፣ ስም በሌላት ሕፃን ቀናሁ። ግን አላልኩም።

"ጎንበስ ብሎ ነገራት" አልኩ።

"ምን አለች?"

"እሺ አለች።"

እማዬ እጄን ለቀቀችኝና ዕንባዋን በጋቢዋ ጫፍ ጠረገች። "በይ እንግዲህ" አለች፣ "የሚበላ ነገር አምጪልኝ።"

ወጥ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ፤ ደረቴ እስኪደክም አለቀስኩ። ከዚያ አጥሚቱን አሙቄ ይዤላት ወጣሁ።