መታጠቢያ ቤት የተቆለፈባቸው ሦስት ልጆቼ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ሙቀቱ ጀመር ሲያደርግ ነው። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣው፣ ለሁለት ሳምንት ያህል የሦስት ዲቃላ አባት ሆኜ ስለኖርኩ ነው። አባት መሆኔን ደግሞ ከሰው ሁሉ መጨረሻ የሰማሁት እኔ ነኝ።

ከአገር ወጥተን የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የምሠራው አሌክሳንድሪያ፣ አንድ አፓርትመንት ውስጥ ጥገና ነው። ቧንቧ ሲያፈስ፣ ኤሲ ሲሞት፣ ሽንት ቤት ሲደፈን የሚጠራው ሰው እኔ ነኝ። ደምሴ እባላለሁ፤ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ወሬ ሳወራ ትንሽ እንደማሳምር የሚያውቁኝ ሁሉ ያውቃሉ። ሚስቴ ወይንሸት "እሱ ዝናብ ዘነበ ካላችሁ ወጥታችሁ እዩ" ትላለች። ይሄን ግን እንዳለ ነው የምነግራችሁ፤ ብጨምርም ለጨው ያህል ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ከሕንፃው ጀርባ፣ ከኤሲ ማሽኑ ሥር የሚያፏጭ ድምፅ ሰማሁ። ቀበቶው የላላ መስሎኝ መፍቻዬን ይዤ ተንበረከክሁና እጄን ሰደድሁ። ማሽኑ ቧጠጠኝ።

አራት የድመት ግልገሎች ነበሩ። እናታቸው ሰው የሚባል ፍጡር ማየት የማትወድ የመንገድ ድመት ናት። ፎቶ አንስቼ ለልጄ ለሶስና ላክሁላት። ሶስና ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አንድ ልጃችን ናት። እዚሁ ስለተወለደች በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ። አማርኛዋን የምታወጣው ስትቆጣና ስትለምን ብቻ ነው። በማግስቱ የመንገድ ድመት የሚሰበስቡ በጎ ፈቃደኞች አስከትላ ወጥመድ ይዛ መጣች። እናቲቱ አመለጠች፤ ልጆቹ ተያዙ።

በሁለተኛው ቀን ከአራቱ አንዱ ሞተ። ሐኪሙ ሲመረምረው ፓንሉኮፔኒያ የሚባል በሽታ ተገኘበት። ስሙ ከድመቱ ይረዝማል። ሰው አይነካም፤ የድመት ግልገልን ግን አንጀቱን አጥቦ በሁለትና በሦስት ቀን ይጨርሰዋል። በጫማ ይዞራል፣ ወለል ላይ ለወራት ይቀመጣል፣ ከበረኪና በቀር የሚፈራው የለም። የቀሩት ሦስቱ ተጋልጠዋል ተባለ። ይታመሙ አይታመሙ የሚለየው በሁለት ሳምንት ነው፤ እስከዚያ ከሌላ ድመት ጋር መቀመጥ አይችሉም። ድመት የሌለበት ቤት ካልተገኘ ግን ... ብለው ሰዎቹ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱት ቀሩ።

"አባዬ፣ እኛ ቤት ድመት የለም" አለችኝ ሶስና።

በአማርኛ ነው ያለችው። መሸነፌን ያኔ አወቅሁ።

እንዲህ ሆኖ ነው የእንግዳ መታጠቢያ ቤታችን ሆስፒታል የሆነው። በሩ ላይ በረኪና የተበጠበጠበት ትሪ ተቀመጠ። የገባም የወጣም እዚያ ውስጥ ይረግጣል። ጓንት፣ ሽርጥ፣ የብቻ ጫማ። በሦስት ቀን ውስጥ ያለኝ ሱሪ ሁሉ ነጭ ነጭ ነጥብ አውጥቶ እኔ ራሴ ነብር መሰልሁ። ሦስቱ ልጆች አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ግራጫ፣ አንዷ ጥቁር ናቸው። ቢጫው ወፍራምና ቀማኛ ነው። ሽንት ቤቱ ክዳን ላይ ስቀመጥ መጥቶ ጫማዬ ላይ ይተኛል። ጥቁሯ የጨው ዕቃ ታክላለች።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ዕድራችን ቅዳሜ ስብሰባ ጠርቶ ነበር። አጀንዳው መተዳደሪያ ደንቡን አንቀጽ በአንቀጽ ማንበብ ነው። ባለፈው ጊዜ አንቀጽ አራት ላይ ሦስት ሰዓት ቆይተናል፤ አንቀጾቹ ደግሞ ሃያ ዘጠኝ ናቸው። ስልኬን አወጣሁና በዕድሩ ግሩፕ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ "ቤቴ ያሉ ሦስት ልጆች በሽታ ተጠርጥሮባቸዋል። ኳራንታይን ነን። ይቅርታ፣ አልመጣም።"

ከዚህ ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት የለባትም። ጎበዝ ነኝ ብዬ እየሳቅሁ ስልኩን ኪሴ ከተትሁት። ችግሩ ዕድሩ በሙሉ እኔ አንዲት ልጅ ብቻ እንዳለችኝ ማወቁ ነው።

የዕድሩ ሰብሳቢ ሙሉጌታ ይባላል፤ ደግ ሰው ነው፣ ቀልድ ግን በደጁ አልፎ አያውቅም። ወዲያው ሚስቴን ኮል አደረጋት። ወይንሸት ደግሞ እኔ ስለ ድመቶቹ ለሁሉም ያወራሁ መስሏታል። ኋላ ሁለቱም እንደነገሩኝ ንግግሩ እንዲህ ነበር።

"ወይንሸት፣ ሰማን እኮ። አይዞሽ።"

"ምን ይደረግ ሙሌ፣ አንዴ መጡብኝ።"

"ካወቅሽ ቆየሽ?"

"ሳምንት አይሞላኝም። መጀመሪያ ፎቶ አሳየኝ፣ ቀጥሎ ይዟቸው መጣ።"

"እናታቸውስ?"

"ጎዳና ላይ ናታ። ሊይዟት ነበር፣ አመለጠች። ይሄኔ ሌላ አርግዛ ይሆናል።"

ሙሉጌታ እዚህ ጋ ወንበር ስቦ እንደተቀመጠ ነግሮኛል።

"አሁን የት አድርገሻቸው ነው?"

"መታጠቢያ ቤት። ቆልፈንባቸዋል። ከወጡማ ሶፋዬን ነው የሚዘለዝሉት።"

"ወይንሸት፣ ልጆች ምን አጠፉ?"

"ምንም አላጠፉም። በተለይ ቢጫው አንጀት ይበላል።"

"ቢጫ ሆኗል? የወፍ በሽታ እንዳይሆን።"

"ኧረ የወፍ አይደለም፣ የድመት ነው አሉን።"

ሙሉጌታ ስልኩን ዘጋ። የገባው ይህ ነው፦ ደምሴ ከአንዲት ጎዳና ተዳዳሪ ሦስት ልጅ ወልዷል፤ ልጆቹ ከድመት የሚይዝ በሽታ ይዟቸዋል፤ አንዱ ቢጫ ሆኗል፤ ወይንሸት ከንዴቷ ብዛት መታጠቢያ ቤት ቆልፋባቸዋለች። ቅዳሜ ዕለት ደንቡ አልተነበበም አሉ። አንቀጽ አምስት ዛሬም እንደተከደነ ነው።

የእኛ ሰው ግን አንድ ነገሩን እወድለታለሁ። አምቶህም ይጠይቅሃል። ሐሜቱንና ብርቱካኑን በአንድ መኪና ጭኖ ይመጣል።

እሑድ ረፋድ ላይ እኛ ቤት ቀልድ አልነበረም። ጥቁሯ ካለፈው ቀን ጀምሮ መብላት አቁማ ነበር፤ ታስመልሳለች፣ ያስቀምጣታል። ሐኪሙ ከቆዳዋ ሥር በመርፌ የሚገባ ውሃ በከረጢት ሰጥቶናል፤ ጠዋትና ማታ ካልገባላት ድርቀቱ ይገድላታል። ቅዳሜ አንዲት በጎ ፈቃደኛ መጥታ ሰጥታላት ነበር። እሑድ ያቺው ልጅ ሎረል የሚባል ከተማ ሌላ የታመመ ድመት ይዛ መውጣት አልቻለችም፤ "በስልክ እያሳየኋችሁ ራሳችሁ ስጧት" አለችን። ሶስና መርፌውን ሁለቴ ወደ ጥቁሯ አስጠግታ ሁለቴ መለሰችው። ወይንሸት "እኔ ነፍስ ያለው ነገር አልወጋም" ብላ ወጣች። ቀጥሎ ተራው የእኔ ነው። መርፌውን ስይዝ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ቀጥሎ የማስታውሰው የመታጠቢያ ቤቱን ጣሪያ ነው። ፎጣ መስቀያውን ነቅዬ ይዤው ወርጃለሁ።

ግንባሬ ላይ በረዶ ይዤ ሳለሁ የበሩ ደወል ተደወለ።

ከፈትሁ። ስድስት ሰው ቆሟል። ሙሉጌታ ብርቱካን ይዟል፣ ሚስቱ ሾርባ በድስት፣ ሌሎቹ ጭማቂና ዳቦ። ከፊት የቆሙት እትዬ በላይነሽ ናቸው። እትዬ በላይነሽ ሰባ አምስት አልፏቸዋል፤ አገር ቤትም እዚህም ዕድሜ ልካቸውን ነርስ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው። ዕድሩ በሙሉ ይፈራቸዋል። ከሀያትስቪል ሁለት አውቶቡስ ቀይረው ነው የመጡት። ግንባሬን አዩት።

"መታችህ?" አሉኝ።

"ማ?"

"ይገባሃል። ልጆቹ የታሉ?"

በዚህ መሀል ከመታጠቢያ ቤቱ ቀጭን ለቅሶ ተሰማ። የሙሉጌታ ሚስት ደረቷን ያዘች። "ድምፁ እንዴት ሰሏል፣ በማርያም" አለች።

"ድመቶች ናቸው" አልኳቸው።

"ደምሴ፣ የገዛ ልጆችህን" አለ ሙሉጌታ፣ አንገቱን እየነቀነቀ።

ወይንሸት ትከሻዬ ላይ ተንጠራርታ ስድስቱንም ሰው አየች፣ ብርቱካኑን አየች፣ እኔን አየች። ከሃያ አምስት ዓመት ትዳር በኋላ ሚስት የባሏን ጥፋት ለመገመት ጥያቄ አያስፈልጋትም። ሄዳ የመታጠቢያ ቤቱን በር ገለጥ አደረገችላቸው።

ስድስቱም በአንድነት አንገታቸውን አሰገጉ። ቢጫው ወደ በሩ መጥቶ ሙሉጌታ ላይ ተነፋበት።

"እነዚህ ናቸው ሦስቱ ልጆች?" አለ ሙሉጌታ።

"እነዚሁ ናቸው።"

"ቢጫው አባቱን ይመስላል" አለ ከኋላ አንዱ። ማን እንደሆነ እስካሁን አልተያዘም።

እትዬ በላይነሽ አልሳቁም። "አንተ" አሉኝ በጣታቸው እየጠቆሙ፣ "እኔን ከቅዳሴ አስወጥተህ፣ በዚህ ጉልበቴ፣ ለድመት? ሌሊቱን ሙሉ ስለ ልጆችህ ስጸልይ ነው ያደርሁት። ስም ስላላወቅሁ 'የደምሴ ዲቃሎች' እያልሁ ነው የጸለይሁት።"

ብርቱካኑን ከሙሉጌታ ልቀበል እጄን ዘረጋሁ፤ አልሰጠኝም።

ሶስና ግን ከውስጥ ወጣች። የውሃውን ከረጢት በአንድ እጇ፣ መርፌውን በሌላው ይዛ ታለቅሳለች። "እትዬ፣ ትንሿ ልትሞትብኝ ነው። መውጋት አቃተኝ" አለች። በአማርኛ።

እትዬ በላይነሽ ከረጢቱን ተቀብለው መነጽራቸውን ወደ ታች ገፋ አድርገው አነበቡት። ከዚያ ነጠላቸውን አውልቀው ለሙሉጌታ አስያዙት፣ ለቤተ ክርስቲያን ያደረጓትን ጥቁር ጫማ በረኪናው ውስጥ ሁለቴ ረገጡ፣ ጓንት ጠየቁ።

ጥቁሯን ብድግ አድርገው ማጅራቷን ቆንጠጥ አደረጉት። ቆዳዋ እንደ ድንኳን ቆሞ ቀረ፣ አልተመለሰም። "ደርቃለች" አሉ። "ያለ ዕድሜዋ የተወለደች ሕፃን እንዲሁ ናት። ና አንተ፣ ያዛት። ዓይንህን ጨፍን። ብትወድቅ የሚያነሳህ የለም፤ እኔ ሥራ ላይ ነኝ።"

ያዝኋት። ዓይኔን ጨፈንሁ። መዳፌ ውስጥ የነበረው ልብ እንደ ስልክ ነዝሮ ነዝሮ ቆም ይላል፣ ደግሞ ይነዝራል። ቀልድ ፈልጌ አጣሁ። መርፌው ሲገባ እንኳን አልጮኸችም።

"ጨረስሁ" አሉኝ። "ማታስ ማን ሊሰጣት ነው?"

ሶስና እኔን አየች፤ እኔ ጣሪያውን አየሁ።

"እንግዲያው ትመጣና ትወስደኛለህ።"

ለስድስት ቀን ጠዋትና ማታ ከሀያትስቪል አመላለስኋቸው። ሲመጡ የሚያደርጉት የብቻ ጫማ በራችን ላይ አስቀመጥንላቸው። መኪና ውስጥ ስለ ውሸት ኃጢአትነት ይነግሩኛል፤ እኔ "እሺ" እላለሁ። በሦስተኛው ቀን ጥቁሯ የዶሮ ሥጋ ላሰች። በአምስተኛው ቀን መርፌውን ስታይ ሸሸች። እትዬ በላይነሽ እስክትያዝ ቆመው ሳቁባት። ሲስቁ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከሦስቱ ግን አንዱ አልተረፈም። ሁላችንም ዓይናችንን ጥቁሯ ላይ ተክለን ሳለ ቢጫው ማክሰኞ ከሰዓት አስመለሰ። ሐኪም ጋ ወሰድነው፣ የቻለውን አደረገለት። ረቡዕ ጠዋት ሞተ። ያ ወፍራም፣ ያ ቀማኛ። የቀሩት ሁለቱ ሁለት ሳምንታቸውን ጨርሰው ነፃ ተባሉ። ግራጫው ጥሩ ቤት አገኘ። ጥቁሯ እኛ ጋ ቀረች። ሶስና ስሟን በላይነሽ አለቻት። እትዬ ቤታችን ሲመጡ ግን ሚሚ ነው የምንላት፤ አደራ እንዳትነግሩብኝ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ተነስቼ እውነቱን በሙሉ ተናገርሁ። ሙሉጌታና ያዩት መሰከሩልኝ። ግማሹ ሳቀ። ግማሹ ግን "ሚስቱን ላለማሳፈር ነው፣ ጨዋ ልጅ" ብሎ አደነቀኝ። ዕድሜ ልኬን የዋሸሁት ሁሉ ሲታመንልኝ ኖሮ፣ አንድ ቀን እውነት ብናገር የሚቀበለኝ ጠፋ።

ከወር በኋላ ለሥራ ዕቃ ልወስድ ክሪስታል ሲቲ ሄጄ፣ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ታደለ የሚባል የዕድራችን አባል አገኘኝ። ስብሰባው ላይ አልነበረም። ሲያየኝ ኮፍያውን አወለቀ።

"ደምሴ፣ የአንደኛውን ሰምቼ መምጣት አልተመቸኝም። እግዚአብሔር ያጥናህ" አለኝ።

ላስረዳው አፌን ከፈትሁ። መልሱ ምላሴ ላይ ነበር፤ ጥሩ ቀልድ ነበር።

"ስንት ዓመቱ ነበር?" አለኝ።

"ሰባት ሳምንቱ" አልኩት።

ታደለ አቀፈኝ። ትልቅ ሰውዬ ነው፤ ትከሻዬን እየመታ አለቀሰ። እኔም አለቀስሁ። ለሰባት ሳምንት ድመት፣ መኪና ማቆሚያ መሀል፣ የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው። ታደለ አሁንም እውነቱን አያውቅም። ሰው ይስቅብኛል ብዬ ፈርቼ አይደለም ያልነገርሁት። ለቢጫው ኀዘን የደረሰኝ ሰው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው።