ዶክተር ሰብለ የሠሩልኝ ቱቦ

ባለፈው ቅዳሜ ለሚ ኩራ፣ ልጄ ቤት ምሳ እየበላን ምራቴ ስልኳን እያየች፣ «እማዬ፣ የተቆረጠ ነርቭ የሚያሳድግ ቱቦ ተሠራ እኮ! ሥራውን ሲጨርስ እዚያው ሰውነት ውስጥ ይሟሟል» አለችኝ። «የእኔው አልሟሟም፣ ይኸው» ብዬ የእጄን አንጓ ባሳያት ጉርሻዋ በእጇ ቀረ።

በደርግ ጊዜ ጉርድ ሾላ ልብስ እሰፋ ነበር። ያኔ ከሱቄ ጀርባ የጤፍ ማሳ ነበር ብል ዛሬ ማን ያምነኛል! በግንቦት አንድ ቀን ደንበኞች የሚለኩበት ረጅም መስታወት ሲወድቅ፣ ሞኝ አይደለሁ፣ ልይዘው እጄን ዘረጋሁ፤ ስብርባሪው አንጓዬን ቆረጠው። ክሊኒክ ቆዳውን ሰፍተው ላኩኝ። ቁስሉ ቢድንም አውራ ጣቴ፣ ሌባ ጣቴና መሃል ጣቴ በድን ሆነው ቀሩ። መርፌውን ይዣለሁ ስል መሬት ላይ አገኘዋለሁ። ሌላ ሙያ አልነበረኝም፤ ተስፋ ቆርጬ አለቀስኩ።

ሰው መክሮኝ ቦሌ አካባቢ ዶክተር ሰብለ ዘንድ ሄድኩ። ውጭ ተምረው የመጡ፣ «ጓድ ዶክተር» ሲሏቸው ፊታቸውን የሚያጨማድዱ ቀጭን ሴት ነበሩ። የተቆረጠው ነርቭ ጫፎች ተራርቀዋል አሉኝ።

«ጨርቅ ሲያጥርሽ ስበሽ ትሰፊዋለሽ?»

«ኧረ ይተረተራል!»

«ነርቭም እንደዚያው ነው። በቱቦ መንገድ እሠራለታለሁ፤ ማደጉን ራሱ ያድጋል።»

«ሠርተው ያውቃሉ?»

«አስተማሪዬ ሲሠሩ አይቻለሁ። ለእኔ የመጀመሪያዬ ነሽ። ላይሆንም ይችላል፣ አልዋሽሽም።»

ያመንኳቸው ለዚህ ነው። ቱቦውን ከሲሊኮን ራሳቸው አዘጋጁት፤ ከመኮሮኒ አይወፍርም። ጠባብ ከሆነ ነርቩን ያንቀዋል፣ ከሰፋ ደግሞ ይባዝናል እያሉ ደጋግመው ለወጡት። ምን ዓይነት ትዕግሥት ነው! ከዚያ አንጓዬን ከፍተው በሁለቱ የነርቭ ጫፎች መሃል አስገቡልኝ።

ክረምቱን ሙሉ ጭቃ እያቦካሁ ቦሌ ተመላለስኩ። ነርቩ የት እንደደረሰ ለማወቅ ከአንጓዬ ጀምረው በጣታቸው መታ መታ እያደረጉ፣ «የት ነዘረሽ?» ይሉኛል። መስቀል ሲደርስ ንዝረቱ መዳፌ ውስጥ ገብቷል። ጣቶቼ ግን ምንም።

ታኅሣሥ ላይ እሸት ሽምብራ ይዤላቸው ሄድኩ። ዓይኔን አስጨፍነው አንዷን ጣቴ ላይ አሹልኝ።

«ተሰማኝ! ሽምብራዋ ናት!» ብዬ ጮህኩ።

«በየትኛው ጣትሽ?»

«በመሃሉ።»

ዓይኔን ብገልጥ ሽምብራዋ ያለችው ሌባ ጣቴ ላይ ነው። የዶክተር ሰብለ ዓይን እንባ ሞልቷል።

«ነርቩ መንገድ ተሳስቷል፤ ግን ደርሷል!» አሉ። ተቃቅፈን አለቀስን፤ ከዚያ ሽምብራውን እዚያው ፈልፍለን በላነው።

ጣቶቼን ቀስ በቀስ እንደገና አስተማርኳቸው። በእነሱው ሰፍቼ ልጆች አሳደግሁ። የሚሟሟውን ቱቦ የሠሩትን አደንቃለሁ፤ ዶክተር ሰብለን ግን እወዳቸዋለሁ። ዛሬም መርፌ ሌባ ጣቴን ሲወጋኝ የምጠባው መሃል ጣቴን ነው። ቤተሰቡ ሁሉ ይስቅብኛል። እኔ ግን ወጋ ባደረገኝ ቁጥር፣ የትም ይሰማኝ የት፣ እሰይ እላለሁ።