የደርቪዬዎች መቃብር

ፈረንሳይ ድሮ እስረኞቿን ታግዝበት በነበረው በኒው ካሌዶኒያ ደሴት፣ የቡራይ ሰው ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብና ስለ ጎረቤት ገመና ሲያወራ ይውላል፤ የራሱ ቅድመ አያት ከፈረንሳይ እንዴት እንደመጣ ሲጠየቅ ግን ድንገት ሥራ ይበዛበታል። ማርሴሊን ደርቪዬን ይህ ነገር ከልጅነቷ ጀምሮ ያንገበግባት ነበር። ባሏን ቀብራ ከብቶቿን ብቻዋን የምታግድ፣ ኮርቻ ላይ ያረጀች ሴት ናት። የቀራት የሥጋ ዘመድ ታላቅ ወንድሟ ፌርናን ብቻ ነው።

ፌርናን ደግሞ ግብዣ ባገኘ ቁጥር ብርጭቆውን ያነሳና፣ "ደርቪዬ በገዛ ፈቃዱ ወደ ኒው ካሌዶኒያ የመጣ ባለርስት ነው! እንደ ሌላው በሰንሰለት ታስሮ አልመጣም!" ይላል።

"አባባ ታዲያ የወህኒው ነገር ሲነሳ ለምን ጥሎ ይወጣ ነበር?"

"ተይ ማርሴሊን። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።"

እሷ ግን አላስቻላትም። በደሴቱ ነባር ሕዝብ፣ በካናኮቹ መንደር ወዳለው ሽማግሌ፣ ወደ ፖይንዲ ሄደች። እሱ ዘንድ ባዶ እጅ አይኬድምና ጨርቅና ትምባሆ ፊቱ አኑራ፣ አንገቷን ደፍታ፣ "ስለ ስማችን ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት" አለችው። ሽማግሌው ጨርቁ ላይ እጁን አሳረፈ፤ መቀበሉ ነው።

"በመጨረሻ መጣሽ፣ ልጄ? እኛ እኮ እናውቃችኋለን፤ የማታውቁት እናንተው ናችሁ" አላት። "ደርቪዬ ያም የሚባለውን ሥራሥር የምንተክልበትን ማሳችንን የወሰደው ጌታ ነው። ልጅ አልነበረውም። የእናንተ ሰው ኦጉስት ነው፤ በደርቪዬ ቤት እንዲያገለግል የተሰጠ እስረኛ። ከአያቴ ጋር ሸርጣን ያጠምድ ነበር። ልጁ፣ ማለት አያትሽ፣ ሲወለድ የእስረኛ ልጅ እንዳይባልበት ጌታውን ለምኖ በጌታው ስም አስጠራው።"

"የኦጉስት የራሱ የቤተሰብ ስምስ ማን ነበር?"

"ለአያቴም አልነገረው። ከመቃብር ስፍራው አጥር ውጭ ነው የተቀበረው፤ መስቀል እንኳ የለውም።"

አፈረች ብል ውሸት ነው። የኦጉስት ነገር አንጀቷን በላው። የፈራችው ፌርናንን ነው፤ ይህን ከነገረችው ዳግመኛ ደጇን ላይረግጥ ይችላል።

የሙታን መታሰቢያ ቀን ደረሰ። አገሩ በሙሉ መቃብር ሲያጥብና ኖራ ሲቀባ፣ ፌርናንም እንደ ልማዱ ተንበርክኮ የደርቪዬን ትልቅ የመቃብር ድንጋይ ይፈትግ ነበር። ማርሴሊን አጠገቡ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረችው።

ብሩሹን ጣለው። "ዕድሜ ልኬን የማጥበው የባዕድ መቃብር ነው?"

"አዎ።"

"አልቅሼበታለሁ እኮ!"

ማርሴሊንን ሳቅ አመለጣት። እሱ አልሳቀም።

"የእኛውስ የታለ?"

ከአጥሩ ወዲያ ያለውን ሣር አሳየችው። ፌርናን ተነስቶ እስከ አጥሩ ድረስ ሄደ። ቁጣውን ስትጠብቅ አጥሩን ደገፍ ብሎ ማውራት ጀመረ።

"አያታችን እዚህ ሲያመጣን አበባውን ለእኛ ሰጥቶ እሱ አጥሩ ጋ ይቆም ነበር። ጀርባውን ሰጥቶን፣ ፊቱን ወደ ሣሩ አዙሮ። ሲጋራ ሊያጨስ የሄደ ይመስለኝ ነበር።"

"አያታችን እኮ ሲጋራ አያጨስም ነበር" አለች ማርሴሊን።