የጋሽ መርፌ መወልወያ

ጋሽ መርፌ የወለል ላሚኔት ቁራጭ በብብታቸው ሸጉጠው ወደ ጽዳት ዕቃ መሸጫው ሲገቡ፣ ሻጯ አናጢ መጡ ብላ የጎረቤቱን ሱቅ ልታሳያቸው እጇን ዘርግታ ነበር። እሳቸው ግን አናጢ አይደሉም። አርባ ሦስት ዓመት ልብስ የሰፉ ሰው ናቸው፤ ቅጽል ስማቸውም ከዚያው የመጣ ነው። ባለቤታቸውን ደግሞ ሰፈሩ እትዬ ባልዲ ይላቸዋል፤ ባልዲ ከእጃቸው ጠፍቶ አያውቅማ! «መርፌና ባልዲ ምን አገናኛቸው?» እያለ ያልቀለደ ጎረቤት የለም፤ ባልና ሚስቱም ከቀላጆቹ እኩል ይስቁ ነበር። አሁን ግን ከዚያ ቤት ሳቅ ከጠፋ ሦስት ወሩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቤታቸው የድሮ ጣውላ አርጅቶ፣ ሚስማሩ ብቅ ብቅ እያለ ካልሲ ሲበላ ጊዜ፣ ልጃቸው ወለሉን ላሚኔት የሚሉትን እንጨት መሰል ንጣፍ አስነጠፈችው። እትዬ ባልዲ ገና በሳምንቱ ፀባዩን አወቁት። ውኃ አይወድም፣ ሰም አይወድም፣ ሻካራ ብሩሽ አይወድም። «ይሄ ወለል ነው ወይስ አማት?» እያሉ ለመዱት። ጋሽ መርፌ ግን አንድ ቀን ምን እንደነካቸው እንጃ፣ ሚስታቸው ገበያ ሲወጡ ላስደስታት ብለው ባልዲ ሙሉ የሳሙና ውኃ ሳሎኑ ላይ ደፉት። ድሮ ሚስታቸው ጣውላውን ሲያጥቡ ያዩት እንደዚያ ነዋ! ጣውላ ውኃ ይጠጣል፣ ላሚኔት ግን አይጠጣም። እትዬ ባልዲ ዘንቢላቸውን ይዘው በሩን ከፍተው አንድ እርምጃ እንደገቡ ተንሸራተው ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰበረ።

አጥንቱስ ተጠገነ፣ ገጠመም። መቆም ነው የጠፋው። ሐኪሙ ባለፈው ሳምንት ጋሽ መርፌን ገለል አድርጎ፣ «በዚህ ወር ተነሥተው ካልተራመዱ ጡንቻቸው ይከዳቸዋል፤ ያኔ ቀሪ ዘመናቸው አልጋ ላይ ነው» አላቸው። እትዬ ባልዲ ግን ፍንክች አላሉም። ተነሺ ሲባሉ በክፍቱ በር ሳሎኑን አየት ያደርጉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ይሄ የጋሽ መርፌን አንጀት በላው። ወለሉን ፈርታ ነው፣ የጣልኳት እኔ ነኝ፣ እንግዲህ ወለሉን የምታምነው ማድረግም የኔ ፈንታ ነው አሉ። ሚስታቸው ከወደቁበት ቀን ጀምሮ ሱቃቸውን ዘግተው ከአልጋው ሥር አልጠፉም፤ ዛሬ ግን ልጃቸውን አስቀምጠው ወጡ።

«ጋሼ፣ ይሄኛው ይሻልዎታል» አለች ሻጯ፣ ገመዱ የረዘመ ማሽን እየጎተተች። «በእንፋሎት ነው የሚያጸዳው።»

«እንፋሎት ውኃ አይደል እንዴ ልጄ?»

«ቢሆንም ጋሼ፣ ትንሽ እኮ ነው።»

«እኔ ዕድሜ ልኬን ስተኩስ የኖርኩ ሰው ነኝ። እንፋሎት የማይገባበት ስፌት የለም። መገጣጠሚያው ውስጥ ገብቶ ያሳብጠውና ያኔ ጉዴ ፈላ!»

ቁራጩን ባንኮኒው ላይ አጋደሙና አንድ ብርጭቆ ውኃ ለመኑ። ባለ ክሩን መወልወያ ነክረው፣ ጨምቀው ጎተቱት፤ ቢጨመቅ ቢጨመቅ እንባው አላቆመም። ስፖንጁ ደግሞ ጠርዙ ላይ ኩሬ ትቶ ሄደ። የጠንካራውን መጥረጊያ ጫፍ በአውራ ጣታቸው ዳበስ አድርገው መለሱት። ሌሎች ገዢዎች ከኋላ ተሰልፈው ያጉረመርማሉ፤ ሰውየው ግን ጆሮ ዳባ ልበስ።

እንዲህ እያሉ ሳለ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ የወለል ሰም ቆርቆሮ አዩ።

«እስቲ እሱን አውርጂልኝ።»

«ኧረ ጋሼ! ለላሚኔት አይሆንም፣ ያንሸራትታል።»

«አውቃለሁ። ላሸተው ብዬ ነው።»

ክዳኑን ከፍተው አፍንጫቸውን አስጠጉ፤ ያ ሁሉ ዘመን ባንዴ መጣባቸው። አንዲት ክፍል ነበረቻቸው፣ የስፌት መኪናው መስኮቱ ሥር። ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ባልዲ፣ ያኔ ገና የሃያ ዓመት ወጣት፣ ቀሚሳቸውን ሸብ አድርገው ይንበረከኩና ጣውላውን ማሸት ይጀምራሉ። «እግር ወደ ላይ!» የሚል ትእዛዝ ሲመጣ ጋሽ መርፌ ጠረጴዛው ላይ ይወጣሉ። መውረድ የለ፣ መስፋት የለ፣ ወለሉ እስኪደርቅና ሰሙ እስኪቀባ ድረስ እስረኛ ናቸው። ሴትዮዋ እያሹ የሳምንቱን ወሬ ሁሉ ያወሯቸዋል፤ አከራያቸው እንዴት እንደሚያስነጥሱ፣ የታችኛዋ ጎረቤት እንዴት እንደምትኮራ ድምፃቸውን ለውጠው ያሳዩአቸዋል፤ እሳቸው ሆዳቸውን ይዘው ይንከተከታሉ። የእርጥብ እንጨትና የሰም ሽታ ክፍሏን ሞልቶ፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ ጥድፊያ የሚባል ነገር የለም። ወይ ጊዜ! ኋላ ደንበኛ በዛ፣ ዋናው መንገድ ላይ ሱቅ ተከራዩ፣ ቅዳሜም የሥራ ቀን ሆነ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ወጥተው ምሽት ሲመለሱ ወለሉ ደርቆ ይጠብቃቸው ነበር። ሠላሳ አምስት ዓመት ደረቅ ወለል ላይ ገቡ። ሻጯ ፊታቸውን አይታ ቆርቆሮውን ቀስ አድርጋ ተቀበለቻቸው።

በመጨረሻ ጠፍጣፋው መወልወያ መጣ፤ ጨርቁ ከሥሩ ተለጥፎ የሚነሣ፣ ማይክሮፋይበር የሚባለው። ጋሽ መርፌ ጨርቁን በጣታቸው አሹት፣ በእጃቸው ጀርባ ሞከሩት፣ ቀጥሎ ጉንጫቸው ላይ አደረጉት። ሻጯ ሳቋን መያዝ አቃታት።

«ጨርቁ የጨዋ ነው፤ ዝምዝማቱ ግን ናይለን ነው፣ ይቧጭራል። እቤት ፈትቼ እሰፋዋለሁ።»

«እርስዎ ይሙቱ ጋሼ! መወልወያ ሊያስተካክሉ?»

«ሱሪ ተስተካክሎ የለ እንዴ?» አሉና ከነመለወጫው፣ ከለስላሳ መጥረጊያና ከውኃ መርጫ ጠርሙስ ጋር ይዘው ወጡ።

እቤት እንደደረሱ ልጃቸውን አሰናብተው አሮጌው የስፌት መኪና ላይ ተቀመጡ። ናይለኑን ፈቱ፣ ካረጀ የጥጥ ሸሚዛቸው ስስ ቅዳጅ ቆርጠው ጠርዙን ዘመዘሙት። ከዚያ ጠረጉ፤ ጨርቁን በመርጫው እርጥበት ብቻ አስነክተው መወልወል ጀመሩ።

«በዛ!» የሚል ድምፅ ከመኝታ ቤት መጣ።

«ምኑ?»

«ውኃው! ጨርቁ ሲጣበቅ አይሰማህም? ደግሞ በርዝመቱ ሂድ እንጂ፣ ጨርቅ ስትቆርጥ ክሩን ትከተል የለ!»

ጋሽ መርፌ ደስ አላቸው፤ ሴትዮዋ እንዲህ ከተቆጡ ቆይተዋል። በርዝመቱ ሄዱ። ወለሉ ከኋላቸው እየደረቀ ተከተላቸው። ሲጨርሱ ካልሲያቸውን አውልቀው በባዶ እግራቸው ወዲያ ወዲህ አሉበት፣ ቆም ብለውም ተረከዛቸውን ለማንሸራተት ሞከሩ። እምቢ አለ። ከዚያ አልጋው አጠገብ መጥተው ተቀመጡ።

«ይኸው ደረቅ ነው። ጠብታ የለበትም። እባክሽ ተነሺልኝ። አንቺ ብቻ ተነሺ፣ እኔ በማግስቱ ሱቄን እከፍታለሁ፣ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል።»

እትዬ ባልዲ እንደልማዳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ጋሽ መርፌ መቻል አቃታቸው። «አጥፍቻለሁ! እኔ ነኝ የጣልኩሽ፣ አውቃለሁ። ወለሉን ብትፈሪ አይፈረድብሽም። ምን ላድርግልሽ? ልንቀለው? ንገሪኝ፣ ነገ አስነቅለዋለሁ!» እንባቸው መጣ።

ሴትዮዋ ቀስ ብለው ዞሩ።

«ወለል ማን ፈራ? አርባ ዓመት ተንበርክኬ ያሸሁትን ወለል እኔ ልፈራ?»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«በየቀኑ ምን እንደምትለኝ ታውቃለህ? ተነሺና ሱቄን ልክፈት ትለኛለህ።» ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ ተከሉ። «ሦስት ወር ሙሉ አጠገቤ ተቀምጠህ አወራኸኝ። አበላኸኝ፣ አጠጣኸኝ። ብነሣ ትሄዳለህ። አመመኝ አልልህም፣ አላመመኝም። ናፍቀኸኝ ነበር፣ አንተ ሰውዬ። እዚሁ ቤት ውስጥ እየኖርክ ናፍቀኸኝ ነበር።»

ጋሽ መርፌ በየማለዳው በገዛ አፋቸው ሚስታቸውን አልጋ ላይ ሲቸነክሩ እንደከረሙ አሁን ነው የገባቸው። ያ ሁሉ ዘመን የልባቸውን ትርታ ከስፌት መኪናው ፔዳል ጋር ሲያስኬዱ፣ የሚስታቸውን ልብ ሳይለኩ ቀሩ። አፈሩ፣ አዘኑም።

«ሱቁን አልከፍተውም» አሉ። «የሚሰፋ ያለው እዚህ ድረስ ይምጣ። ካልመጣም ይቅር።»

«ማልልኝ።»

«እናቴን!»

እትዬ ባልዲ ብርድ ልብሱን ገለጡ፤ የከሱትን እግሮቻቸውን አንድ በአንድ ወለሉ ላይ አሳረፉ።

«እንግዲያው ደግፈኝ» አሉ።