ከሳሻችን የሰጡን ማስረጃ

ይህ ከሆነ ገና ዓመት አልሞላውም። በዕድሜዬ አንድ ሰው ብቻ ነው የከሰሰኝ። ወደ ባለቤቴ የምሄድበት መንገድ ሊዘጋ ሲል የደረሰልኝም ያው ሰው ነው። ለሥራ ባልደረቦቼ ስነግራቸው ስለሳቁ፣ ሌላም ሰው ቢሰማው ብዬ ጻፍኩት።

ዘሀራ እባላለሁ። ወሎ ሰፈር አንድ መነጽር ቤት ውስጥ እሠራለሁ። የምኖረው ገርጂ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቤቱ ኮምቦልቻ የምትኖረው የአክስቴ ነው። ከኑረዲን ጋር የተጋባነው ከስድስት ዓመት በፊት ሲሆን፣ ሁለት ዓመት ያህል እዚሁ ቤት አብረን ኖረናል። ከዚያ ካናዳ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ሄደ። ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ያዘ፤ የመኖሪያ ፈቃድም አገኘና እኔን ለመውሰድ ፕሮሰስ ጀመረ።

ፎርሙን ሞልተን ያለንን ሁሉ ልከን ስንጠብቅ አንድ ቀን ኢሜይል መጣ። ትዳራችን እውነተኛ መሆኑን፣ ኑረዲን ከመሄዱ በፊትም አብረን መኖራችንን የሚያሳይ ተጨማሪ ማስረጃ በሠላሳ ቀን ውስጥ እንድናቀርብ ይጠይቃል።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ቆይቼ ሳስበው ግን አልፈረድኩባቸውም። ወረቀታችንን ብቻ ላየ ሰው እኛ ባልና ሚስት አንመስልም። ስንጋባ የኑረዲን እናት ከሞቱ ገና ሁለት ወራቸው ስለነበር፣ ኒካሁ ቤት ውስጥ በጥቂት ሽማግሌዎች ፊት ታሰረና አበቃ። ቬሎ የለ፣ አዳራሽ የለ፣ ፎቶ አንሺ የለ። በስልክ የተነሳናትን ትንሽ ፎቶም መገናኛ ታክሲ ስንጠብቅ ስልኩን የመነተፈን ሌባ ይዟት ሄዷል። የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን ከወረዳ ያወጣነው ኑረዲን ሊሄድ አንድ ወር ሲቀረው ነው። የኪራይ ውል የለንም። መብራቱም ውሃውም እድሩም በአክስቴ ስም ነው። አክስቴና ወንድሜ የጻፉትን ምስክርነት ቀድመን ልከናል። ኑረዲን አንዴ ለሁለት ሳምንት ሲመጣ የተነሳነውንም ፎቶ ልከናል፤ እሱ ግን ከሄደ በኋላ የሆነ ነው።

"የሁለታችንም ስም አንድ ላይ የተጻፈበት የድሮ ወረቀት ፈልጊ፤ ዘመድ ያልጻፈው መሆን አለበት" አለኝ ኑረዲን በስልክ።

ቤቱን ገለበጥኩት። የሐኪም ማዘዣ አገኘሁ፤ የእኔ ስም ብቻ ነው ያለበት። የፍሪጅ ዋስትና ወረቀት አገኘሁ፤ የእሱ ስም ብቻ ነው። በዚህ ዓይነት ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ጠዋት ዕቃ እያጠብኩ ሳለ የሁለታችንም ስም ጎን ለጎን የተጻፈበት ወረቀት እንዳለ ትዝ አለኝ። ሳስታውሰው ግን ፊቴ ጋለ። ወረቀቱ ክስ ነው።

የከሰሱን ከእኛ በታች ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት ጋሽ ወንድማገኘሁ ናቸው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በዚያን ጊዜ ኑረዲን ክብደት ልቀንስ ብሎ በየማለዳው ሳሎን ውስጥ ገመድ ይዘል ነበር። እኔ ሶፋ ላይ ተቀምጬ እቆጥርለታለሁ። ከታች ሰው ይኑር አይኑር አስበነው አናውቅም። በዚህ ላይ አንድ እሑድ በረንዳ ላይ ምንጣፍ ሳጥብ፣ ውሃው በቱቦው ወርዶ የጋሽ ወንድማገኘሁ ባለቤት እትዬ አስካለ ያሰጡትን በርበሬ አራሰው።

ለኮንዶሚኒየሙ ማኅበር ኮሚቴ በጽሑፍ ከሰሱን። ተጠርተን ቀረብን። ኑረዲን ወጣትነቱ አስቸግሮት "ሰው በገዛ ቤቱ አይዘልም እንዴ?" አለ። ጋሽ ወንድማገኘሁ ረጋ ብለው "በቤቱ ይዝለል። በእኔ ጣራ ላይ ግን አይዝለል" አሉ። ኮሚቴው ጥፋተኛ አደረገን፤ ይቅርታ ጠይቀን ሁለታችንም ፈረምን። ዝላዩ ወደ ግቢው ወረደ። ከጋሽ ወንድማገኘሁ ጋር ግን ከዚያ ቀን በኋላ ሰላምታ የለንም። ደረጃ ላይ ስንገናኝ እኔ ስልኬን የማይ እመስላለሁ፤ እሳቸው ግድግዳውን ያያሉ። እንዲህ ሆነን ከአራት ዓመት በላይ ኖርን።

ለኑረዲን ደወልኩለትና "ጋሽ ወንድማገኘሁ የከሰሱን ትዝ ይልሃል?" አልኩት።

"አሁን ደግሞ እሱን ምን አስነሳሽ?"

ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ "እሳቸውን እንዳትጠይቂ። ሰላም የማይሉን ሰውዬ ማስረጃ ይሰጡናል?" አለኝ።

እኔም እሳቸውን ላለመጠየቅ ብዬ በቀጥታ ወደ ማኅበሩ ቢሮ ሄድኩ። ሊቀመንበሯ ወይዘሮ ሙሉነሽ መደርደሪያውን ካገላበጡ በኋላ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቢሮው ሁለት ጊዜ ስለተዛወረ የድሮው ፋይል የለም። "ጋሽ ወንድማገኘሁ ጋ ግን አይጠፋም" አሉኝ። "እሳቸው የጣሉት ወረቀት የለም።"

የቀረኝ ስምንት ቀን ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብርቱካን ገዝቼ ሦስተኛ ፎቅ አንኳኳሁ። ጋሽ ወንድማገኘሁ ራሳቸው ከፈቱ። አዩኝ፤ ብርቱካኑን አዩ።

"እንደምን ዋሉ ጋሽ ወንድማገኘሁ?"

"ደህና። ውሃ ፈሰሰ እንዴ?"

"አይ፣ ውሃ አልፈሰሰም። ሌላ ጉዳይ ነበረኝ።"

ትንሽ አሰቡና "ግቢ" አሉኝ።

ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። "ያኔ የከሰሱን ክስ ነበር፤ እሱን ፈልጌ ነው" አልኩ።

ፊታቸው ጠቆረ። "ልታሰርዢው ነው?"

"አይደለም። ልጠቀምበት ነው።"

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ ኒካሁ፣ ስለተሰረቀው ስልክ፣ ስለ ኢሜይሉ። እትዬ አስካለ ከጓዳ ወጥተው በር ላይ ቆመው ይሰማሉ። ስጨርስ ጋሽ ወንድማገኘሁ ጠየቁኝ።

"እኔ የጻፍኩት ክስ ባልና ሚስት መሆናችሁን ያስረዳል እያልሽኝ ነው?"

"አዎ። ቀን አለው፣ ማኅተም አለው፣ የሁለታችንም ስም አለበት። አንድ ቤት እንደምንኖርም ይናገራል።"

ተነስተው ወደ መኝታ ቤት ገቡ። ሲመለሱ በክር የታሰረ የካርቶን ፋይል ይዘዋል። ሽፋኑ ላይ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ "ከላይኛው ቤት ጋር የተደረጉ መጻጻፎች" ይላል። ለካ እኛም ፋይል ነበረን። ክሱም አንድ አልነበረም፤ አራት ነበር። ሁለቱን ለኮሚቴው ያስገቧቸው ሲሆን ሁለቱን ጽፈው ትተዋቸዋል።

የመጀመሪያውን ሰጡኝና አነበብኩ። እስካሁን በቃሌ ይዤዋለሁ።

"ከበላዬ የሚኖሩት አቶ ኑረዲን ዘወትር ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ገመድ የሚዘሉ ሲሆን፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘሀራ ደግሞ ዝላዩን ጮክ ብለው ይቆጥራሉ። ቆጠራው ሦስት መቶ ሳይደርስ የማይቆም በመሆኑ እኔም ሳልወድ አብሬ ለመቁጠር ተገድጃለሁ። በተጨማሪም ባልና ሚስቱ ምን እንደሚያስቃቸው ባይታወቅም ማታ ማታ ረዘም ላለ ጊዜ ይስቃሉ።"

እዚህ ላይ ስደርስ ማንበብ አቃተኝ። ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኔ እንባ ሞላ። ከኑረዲን ጋር የነበረችንን ያችን አጭር ጊዜ እኔ እንኳን በወረቀት አላስቀመጥኳትም። ያስቀመጡልን እኚህ ሰላም የማልላቸው ሰው ናቸው፤ ከነሰዓቷ።

"አሁን ሳነበው እኔንም ያስቀኛል" አሉ ጋሽ ወንድማገኘሁ። "ያኔ ግን አላሳቀኝም።"

"በርበሬውን አልጻፍከውም እንዴ?" አሉ እትዬ አስካለ ከበሩ ላይ።

"በርበሬው ሁለተኛው ላይ ነው።"

ወረቀቱን ልወስድ እጄን ስዘረጋ ግን ጋሽ ወንድማገኘሁ ፋይሉን ዘጉት። "እንዲህ አልሰጥሽም" አሉ። "ይሄ በእኔ እጅ ያለ ግልባጭ ነው። ከማኅበሩ ማረጋገጫ ካልተጻፈለት ማንም ተነስቶ ትናንት ጻፋችሁት ሊል ይችላል። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ተዘጋጅተሽ ጠብቂኝ።"

ሰኞ ጠዋት ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረቫት አስረው ወረዱ። ማኅበሩ ቢሮ ገብተን የደብዳቤውን ቃል አንድ በአንድ ለጸሐፊዋ የነገሯት እሳቸው ናቸው። ወይዘሮ ሙሉነሽ፣ ግልባጩ ላይ ያለው የገቢ ማኅተም የማኅበሩ መሆኑን አይተው ፈረሙ፤ አዲሱ ደብዳቤ ላይም ማኅተም መቱ። ሲጨርሱ ቀና ብለው "እንግዲህ ጋሼ፣ ክሱን አነሱት ማለት ነው?" አሏቸው።

"አላነሳሁም። በማስረጃነት አቀረብኩት እንጂ።"

ከዚያ መገናኛ ወደ አንድ ትርጉም ቤት ሄድኩ። ተርጓሚው ትንሽ አነበበና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እህቴ፣ ይሄ እኮ በአንቺ ላይ የቀረበ ክስ ነው" አለኝ።

"አውቃለሁ። አንድም ቃል እንዳታስቀር።"

ንባቡ ወደ ታች ሲደርስ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች ምን እንደሚያስቀው ሲጠይቁት ወደ እኔ አየ። አንብብላቸው አልኩት፤ ለምን እንደምፈልገውም ነገርኳቸው። አንዲት እናት "ይሄን አንብቦ የሚጠራጠር ካለ እንግዲህ ምን ይደረጋል" አሉና ሁላችንም ሳቅን።

በማግስቱ ማታ በሬ ተንኳኳ። ጋሽ ወንድማገኘሁ ናቸው። ፖስታ ሰጡኝና "ይሄንንም ጨምሪበት" ብለው ሳይገቡ ወረዱ። ከፍቼ አነበብኩት።

"ከዚህ ቀደም ቅሬታ ያቀረብኩባቸው አቶ ኑረዲን ወደ ውጭ አገር ከሄዱ ወዲህ ከላይኛው ቤት ድምፅ አይሰማም። ባለቤታቸው በየማለዳው በረንዳ ላይ ወጥተው በስልክ ያነጋግሯቸዋል። በረንዳቸው ከበረንዳዬ በላይ በመሆኑ ሳልፈልግ እሰማለሁ። ባልና ሚስቱ በመለያየታቸው የተጎዱ መሆናቸውን እመሰክራለሁ። ስለ ጸጥታ ብዙ ጊዜ ጽፌያለሁ፤ ጸጥታው ሲመጣ ግን እንዳሰብኩት ደስ አላሰኘኝም።"

ደብዳቤውን ፎቶ አንስቼ ለኑረዲን ላኩለት። ብዙ ቆይቶ ደወለ። ድምፁ ልክ አልነበረም። "ስልክ ቁጥራቸውን ስጪኝ" ብቻ አለኝ። በኋላ እንደነገረኝ መጀመሪያ ያደረገው ያኔ ለተናገራቸው ነገር ይቅርታ መጠየቅ ነው። እሳቸው ይቅርታውን ሰምተው ሲያበቁ ጠየቁት።

"እዚያም ትዘላለህ?"

"አልፎ አልፎ።"

"ከታችህ ሰው አለ?"

"የለም። ምድር ቤት ነው የምኖረው።"

"እንግዲያው ዝለል" አሉት።

ወረቀቶቹን ሁሉ ቀኑ ሳያልፍ ላክን። ከዚያ በኋላ የነበሩት ወራት ረጅም ነበሩ፤ ግን እንደ በፊቱ ብቻዬን አልጠበቅኩም። ጋሽ ወንድማገኘሁ ወረቀት ሲያነቡ እጃቸውን ዘርግተው እንደሚያርቁት አይቼ ስለነበር፣ ወሎ ሰፈር ወስጄ ዓይናቸውን አስመረመርኳቸውና አዲስ መነጽር አደረጉ። እትዬ አስካለ ደግሞ በርበሬ ሊያሰጡ ሲሉ ቀድመው ይነግሩኛል፤ እኔም የምንጣፍ እጥበቴን ወደ ሌላ ቀን አዞራለሁ።

ቪዛሽ ተፈቅዷልና ፓስፖርትሽን አቅርቢ የሚለው ኢሜይል የመጣው ሥራ ቦታ ሆኜ ነው። ለኑረዲን ደውዬ ነገርኩት። ማታ ስገባ ወደ ቤቴ አልወጣሁም፤ መጀመሪያ የጋሽ ወንድማገኘሁን በር አንኳኳሁ። እትዬ አስካለ እልል አሉ። ጋሽ ወንድማገኘሁ ኢሜይሉን ከስልኬ ላይ ሁለት ጊዜ አነበቡና "አሳትመሽ አስቀምጪው። ስልክ ይጠፋል" አሉኝ። ከዚያ ትንሽ ቆይተው "መቼ ነው የምትሄጂው?" አሉ። ስነግራቸው ቀኑን ወረቀት ላይ ጻፉት።

አሁን ልሄድ ሦስት ሳምንት ቀርቶኛል። ኑረዲን ጋ መሄዴ ደስ ብሎኛል፤ ቀን እየቆጠርኩ ነው። አንድ ነገር ብቻ ይቆጨኛል። አራት ዓመት ሙሉ "እንደምን አደሩ" ብላቸው የሚመልሱልኝ ሰዎች ከእግሬ በታች እየኖሩ፣ ያንኳኳሁት ሲጨንቀኝ ነው። ትናንት እትዬ አስካለ ለመንገድ ብለው ሁለት ኪሎ በርበሬ አስፈጭተው አመጡልኝ። ሻንጣዬ ውስጥ ካሉት ልብሶች ሁለቱን አውጥቼ እሱን ከተትኩ።