አሥራ አንድ ደቂቃ የምትሠራው ኮምፒውተር

እትዬ ወለተጻድቅን በቀራንዮ የማያውቅ ካለ ወይ ለሰፈሩ እንግዳ ነው፣ ወይ መጽሐፍ የሚባል ነገር አይወድም። አርባ አንድ ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆነው ሠርተው ጡረታ ከወጡ ወዲህ፣ ከሰዓት ከሰዓት ቦታቸው የይገዙ መጽሐፍ ቤት ነው። ይገዙ አሮጌ መጽሐፍ ያከራያል። እትዬ ይወስዳሉ፣ በሁለት ቀን ይመልሳሉ፤ ሲመልሱ ታዲያ ግድፈቱን ሁሉ በእርሳስ አርመው ነው። ይገዙ መጀመሪያ ተቆጥቶ ነበር አሉ። ኋላ ግን ደንበኛው "እትዬ ያረሙትን ስጠኝ" ማለት ሲጀምር ዝም አለ፤ ምን ያድርግ!

ይኸው ይገዙ ነው "የይገዙ አንባቢዎች" የሚል የቴሌግራም ቡድን የከፈተው። የከፈተው የትኛው መጽሐፍ ገባ፣ የትኛው ወጣ ለመባባል ነበር። አይ የሰው ነገር! አንድ ቀን አንዱ "ስልኬ ሞላሁ እያለ አስቸገረኝ፣ ምን ላጥፋለት?" ብሎ ጠየቀ። ሌላው መለሰለት። በሳምንቱ የዲሽ ሪሲቨር መጣ፣ ቀጥሎ የጠፋ የዋይፋይ ፓስወርድ፣ ቀጥሎ ወረቀት የሚያኝክ ፕሪንተር። ዛሬ ቡድኑ ውስጥ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው አለ፤ ስለ መጽሐፍ የሚያወራው ይገዙ ብቻ ሲሆን እሱንም የሚሰማው የለም። መሐንዲስ ነኝ የሚል አይገኝበትም። አንዱ ቤት የገባው ችግር ቀድሞ ሌላው ቤት ገብቶ ስለነበር ብቻ ነው መድኃኒቱ የሚገኘው።

እትዬ ወለተጻድቅ እዚያ ውስጥ ትልቅ ሰው ናቸው። በኮምፒውተር አማርኛ መጻፍ ያቃተው ሁሉ የሚጮኸው ወደ እሳቸው ነው፤ እሳቸውም ሳይሰለቹ፣ የትኛው ጣት የትኛው ቁልፍ ላይ እንደሚያርፍ ሳይቀር ያስረዳሉ። ክብር ደስ ይላል፤ ጣጣ ግን አለው። የራሳቸው ኮምፒውተር ስትታመም ለመናገር አፈሩ። "አርባ አንድ ዓመት ማሽን ፊት ተቀምጣ ይኼ አቃታት ወይ" የሚላቸው መሰላቸው። ማንም እንዲህ አይልም እኮ! ግን ማን ያሳምናቸው።

ኮምፒውተሯ ደግሞ እንዲሁ ኮምፒውተር አይደለችም። ባለቤታቸው አቶ ባምላኩ ከጎጃም መጥተው ሠላሳ ስድስት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ የሕይወት ታሪካቸውን ሊያጽፉ ተነሡ። ተቀምጠው ማውራት ግን አያውቁበትም፤ ሰሌዳ ፊት እንደለመዱት ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሱ ነው የሚናገሩት፣ አፋቸውም ፈጣን ነው። ስለዚህ እትዬ በኮምፒውተሯ ይቀዱና በማግስቱ እያዳመጡ ይተይባሉ። እንዲህ እያሉ ሠላሳ አንድ ቅጂ ሞላ። አሥራ ዘጠኙን ተይበው እንደጨረሱ የአቶ ባምላኩ ጉሮሮ ታመመ። ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው፣ ነፍሳቸው ተረፈች፣ ተመስገን ነው። ድምፃቸው ግን አልተመለሰም። ይኸው ስምንት ወሩ።

አሁን አቶ ባምላኩ የሚናገሩት በደብተር ላይ ነው። እትዬን ሲፈልጉ ያጨበጭባሉ፤ ሁለት ጊዜ፣ ጧ ጧ። እትዬ አያማርሩም፤ ሰውየው በሕይወት አሉ፣ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ግን በጭብጨባ ሲጠሩ አንዳንዴ ሆዳቸው ይባባል፣ ይህንንም ለማንም ተናግረው አያውቁም። ያልተተየቡትን አሥራ ሁለት ቅጂዎች ደፍረው አልከፈቷቸውም። ሆዴ ሲጠና እከፍታለሁ፣ ሆዴ ሲጠና እያሉ ሲያቆዩ ኮምፒውተሯ ታመመች።

ሕመሟ ግራ ነው። ትነሣለች፣ ደህና ትሠራለች፣ ልክ አሥራ አንድ ደቂቃ ሲሆናት ድርግም! ወዲያው መልሰው ሲያስነሷት ደግሞ አራት ደቂቃም አትቆይ። እትዬ በታክሲ አቅፈው ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰዷት። እዚያ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሠራች፤ ጉድ እኮ ነው! ሐኪም ፊት ሲደርሱ እንደሚተው የጥርስ ሕመም መሆኗ ነው። ጠጋኙ ራሱን አከከና "ቫይረስ ይሆናል፣ ፎርማት ትደረግ" አላቸው።

"ፎርማት ስትል?"

"ውስጧ ያለው ጠፍቶ እንደ አዲስ ትሆንልዎታለች። ፋይል ካለዎት ቀድሜ አወጣዋለሁ፣ ጥለዋት ይሂዱ።"

የባላቸውን ድምፅ ለማያውቁት ሰው ጥለው መሄድ አልሆነላቸውም። አቅፈው ይዘዋት ወጡ። ቤት ገብተው ራሳቸው ፍላሽ ሰክተው ሊገለብጡ ሞከሩ፤ መሃል ላይ ሳሉ ድርግም አለች። ፍላሹን በሌላ ቀን ቢሰኩት እሱም "ፎርማት ልደረግ?" ብሎ ጠየቃቸው። ይህ ቃል የማይከተላቸው ቦታ ጠፋ። ከዚያ ወዲያ ኮምፒውተሯን መንካትም ፈሩ።

ለቡድኑ ሊጽፉ ሦስት ጊዜ ጀምረው ሦስት ጊዜ አጠፉ። ይህን ሲታዘቡ የቆዩት አቶ ባምላኩ ደብተራቸውን ሳቡና ጽፈው ከእጃቸው ሥር አስቀመጡላቸው። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ይላል፤ ከሥሩም ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ድሮም በቃል ቁጡ ነበሩ፣ በጽሑፍ ደግሞ ባሰባቸው። እትዬ ስቀው ጻፉ። ሁሉንም ጻፉት፤ የቅጂዎቹንም፣ የጉሮሮውንም።

ቡድኑ ተነሣ ብል ይሻላል። እትዬ ጠየቁ! ሁልጊዜ የሚመልሱት ሰው ጠየቁ! ያን ቀን ይገዙ "አዲስ ልብ ወለድ ገብቷል" ብሎ ቢጽፍ "አርፈህ ተቀመጥ" ያለው ሰው አሥር ይሆናል።

ቀድሞ የደረሰው ማርቆስ ነው። ማርቆስ የሳንሱሲ ሰው ነው፣ የከባድ መኪና ሹፌር የነበረ፤ መጻፍ ስለማይወድ የስብከት ያህል የረዘመ የድምፅ መልእክት ይልካል። "እትዬ፣ አይደንግጡ። ራሟን፣ ያቺን የማስታወሻ ካርዷን ይንቀሉና ጫፉን በላጲስ ይሹት፣ የእኔ በዚህ ነው የዳነችው" አለ። እትዬ ከሱቅ የተማሪ ላጲስ ገዙ፤ ነቀሉ፣ አሹ፣ ሰኩ። ከዚያ ልብሷን መልሰው በደንብ አለበሷትና አስነሡ። አሥራ አንድ ደቂቃ። ድርግም።

በማግስቱ ማርቆስ ራሱ መጣ። "መብራቱ ነው የሚገድላት" ብሎ የራሱን ስታብላይዘር በሁለት ታክሲ ተሸክሞ። ላቡን ሳይጠርግ ግድግዳው ላይ ሰካው፣ አጠገቧ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ ሰዓቱን ያዘ። እሷን እየጠበቀ ሳለ ዓይኑ የኮምፒውተሯ ልብስ ላይ አረፈ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከሁለት ወር በፊት የግቢያቸው በር ላይ ያለው መንገድ ተቆፍሮ አቧራው ቤት ሲገባ፣ እትዬ ለኮምፒውተሯ በእጃቸው ዳንቴል ሠሩላት። ለስክሪኑ አንድ፣ ከጠረጴዛው ሥር ላለው ለዋናው ሳጥን አንድ። ስክሪኑን ሲሠሩ ይገልጡታል። ሳጥኑን ግን ማን ያየዋል? ሁልጊዜ ለብሶ ነው። ዳንቴል ቀዳዳ ስላለው አቧራ ያስገባል ብለው በድርብ አቡጀዲ ገበር አድርገውበታል፤ እስከ መሬት ይወርዳል።

"ወይ እጅ!" አለ ማርቆስ ጠርዙን በጣቱ እየዳበሰ። "እጅዎ ይባረክ እትዬ። የእኔ ባለቤት ብታየው ትቀናለች።"

አሥራ አንድ ደቂቃ። ድርግም።

ማርቆስ አንገቱን ደፋ። "እንግዲህ ቅዳሜ መጥቼ ሃርድ ዲስኩን ነቅለን ሌላ ኮምፒውተር ላይ እንሰካዋለን፤ ሌላ መላ የለም" ብሎ ሄደ፤ ስታብላይዘሩን ትቶላቸው። እትዬ "ነቅለን" የሚለውን ቃል እያሰላሰሉ ቀሩ። ያን ምሽት ምግብም አልበሉ።

አርብ ከሰዓት አልፊያ ብቅ አለች። አልፊያ ዘነበወርቅ አካባቢ ልብስ ትሰፋለች፣ ክርም ትሸጣለች፤ በቡድኑ ውስጥ በዓመት ሁለት ቃል ብትጽፍ ነው። "እትዬ፣ ፎቶ ያንሡልኝ" አለች።

"የምኑን? የስክሪኑን?"

"የሁሉንም። እንዲሁ ስትሠራ እንዳለች።"

እትዬም እንደ ወጉ፣ ፎቶ ከተባለ አይቀር ብለው አቧራውን ወለወሉ፣ ዳንቴሉን ግራና ቀኝ አስተካክለው ዘረጉ፣ አንሥተው ላኩ። አልፊያ አጉልታ አየችና "ያ ከጠረጴዛው ሥር ያለው ነጩ ምንድን ነው?" አለች።

"የሳጥኑ ልብስ ነው። ዳንቴል።"

"ገበር አለው?"

"አለው እንጂ፤ ድርብ አቡጀዲ" አሉ እትዬ፣ ትንሽም ኮራ ብለው።

"ወይኔ እትዬ! ያውልቁላት! ታፍና እኮ ነው! ከኋላዋ የሚነፍሰው ነገር መተንፈሻዋ ነው፣ ሲግላት ነው እንዳልሞት ብላ የምትጠፋው። እኔ ሪሲቨሬን በገዛ እጄ ዳንቴል አልብሼ ገድዬዋለሁ!"

ከዚያ የማርቆስ ድምፅ መጣ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አጭር ነበር። "እኔ እኮ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። እጅዎ ይባረክ ብዬ ነው የሄድኩት" አለ።

በቃ፣ ሳቅ ሆነ። ግን በእትዬ የሳቀ የለም፤ ሁሉም በራሱ ነው የሳቀው። "የእኔም ዋይፋይ ቀሚስ ለብሷል" አለ አንዱ። "እኔ ፍሪጄን አራት ዓመት ሸፍኜዋለሁ፣ ለካ ሲያቃስት የከረመው ለዚህ ነው" አለች ሌላዋ። ይገዙም ሳይቀር የሱቁን ፕሪንተር ባለቤቱ በሠራችው ጥልፍ እንዳፈነው ተናዘዘ። እውነትም ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። እትዬ ሁለት ወር ሙሉ ብቻቸውን የተሸከሙት እፍረት በአሥር ደቂቃ ውስጥ የሁሉም ጨዋታ ሆነ።

እትዬ ልብሱን ገፈፉ፤ ለካ ጥገና ቤት ሁለት ሰዓት የሠራችው ልብሷን ቤት ጥላ ስለሄደች ነው። ሳጥኗ እንደ ምጣድ ትፋጃለች፤ ከሥሩ ሲጠርጉም ጥጥ የመሰለ ብናኝ ወጣ። እስክትበርድ ጠበቁና አስነሡ። ቡድኑ አብሯቸው ቆጠረ። "ስንት ሆነ?" "ስድስት።" "አሁንስ?" "አሥር።" አሥራ አንድ ሲሆን እትዬ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲገልጡ ስክሪኑ እንደበራ ነው። አሥራ ሁለት። ሃያ። ሠላሳ አምስት። "አልሐምዱሊላህ!" አለች አልፊያ። እልልታውን የላከው ሰው ብዛት ስልካቸውን አንቀጠቀጠው።

"እልልታ ኋላ! መጀመሪያ ይገልብጡ!" አለ ማርቆስ፣ ወደ ረጅሙ ንግግሩ ተመልሶ። አዲስ ፍላሽ ይገዙ በሞተር ሰደደላቸው። አልፊያና ማርቆስ እየተቀባበሉ አንድ በአንድ መሯቸው፤ እዚህ ይጫኑ፣ እዚያ ይልቀቁ፣ አይቸኩሉ። ሠላሳ አንዱም ቅጂ ወደ ፍላሹ ገባ። ቀጥሎ በራሳቸው ቴሌግራም ላይም አስቀመጡት። እትዬ እጃቸውን ከቁልፎቹ ላይ አንሥተው ተመስገን አሉና ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

አልፊያ ግን አልለቀቀቻቸውም። "እትዬ፣ አንዱን ከፍላሹ ላይ ከፍተው ይስሙት እንጂ። መከፈቱን ሳናይ ዳነ አንልም።"

እውነቷን ነው። ሆዳቸው ጠና ወይስ አልጠናም ሳይሉ የመጨረሻውን፣ ሠላሳ አንደኛውን ተጫኑት።

መጀመሪያ ኮቴ ተሰማ፤ አቶ ባምላኩ ከግድግዳ ግድግዳ ሲመላለሱ። ቀጥሎ ያ ጎርናና ድምፅ ሳሎኑን ሞላው። ስለ አንድ ክረምት ነው የሚያወሩት፤ የኮልፌ ወንዝ ሞልቶ ተማሪዎቹን በጀርባቸው እያዘሉ ስላሻገሩበት ቀን። አሥራ አራተኛውን ልጅ አሻግረው ሲመለሱ ጫማቸውን ውኃ እንደወሰደው ነገሩና ቆም አሉ። ኮቴውም ቆመ።

"ወለቴ!"

"አቤት!" አሉ እትዬ፣ ከመቀመጫቸው ግማሽ ተነሥተው።

ቅጂው ውስጥ ያሉት እትዬም "አቤት" አሉ። "እየሰማሽኝ ነው?" አለ ድምፁ። "እየሰማሁህ ነው፣ ቀጥል" አሉት ሁለቱም፣ የያኔዋም የዛሬዋም።

እትዬ ዞር ቢሉ አቶ ባምላኩ በሩ ላይ ቆመዋል። ከመኝታ ቤት ባዶ እግራቸውን ነው የወጡት፤ ይስቃሉ፣ እንባቸውም ይወርዳል። ጣታቸውን በአየር ላይ አዞሩ፤ ድገሚው ማለታቸው ነው። እትዬ ወደ ኋላ መለሱት። "ወለቴ!" አለ ድምፁ። "አቤት!" አሉ። አቶ ባምላኩ መጥተው አጠገባቸው ተቀመጡና እጃቸውን ያዙ፤ እንደገና ጣታቸውን አዞሩ።

ስንት ጊዜ እንደደጋገሙት እነሱ ይወቁ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ሲንቀጠቀጥ ቆይቶ ኋላ አነሡት። አልፊያ ናት። "እትዬ፣ ምነው ጠፉ? አልተከፈተም እንዴ?" ትላለች፤ ከሥሯም የሁሉም ጥያቄ ተደርድሯል።

"ተከፈተ ልጄ" ብለው ጻፉ እትዬ ወለተጻድቅ። "ባምላኩ ስሜን ጠራኝ፣ እኔም አቤት አልኩት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም።"